የታርፓይ ጉንጭ

ታርፓይ ቬንዴል ተኩሶ እንደማይመታ የማያውቅ መሥሪያ ቤት ቡዳፔስት ውስጥ አልነበረም። በየዓመቱ በረዶ ሲጥል ከትልልቆቹ ጋር ከርከሮ አደን ይጠራል፤ በየዓመቱም ይስታል። «ታርፓይ የተኮሰበት ከርከሮ ዕድሜው ይረዝማል» ይባል ነበር። አንድ የግብርና ሹም እንዲያውም በግብዣ መሀል ብድግ ብሎ፣ ለዘር የሚፈለጉትን ከርከሮዎች እየለዩ በታርፓይ ፊት ቢያሳልፏቸው ደኑ እንደሚለማ ሐሳብ አቅርቦ ተጨብጭቦለታል። ያን ዕለት ከሁሉ ቀድሞ የሳቀው ራሱ ታርፓይ ነው። ለምክትል የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር መሳቅም ሥራ ነው።

ሚስቱን ኤቴልካን ግን ቀልዱ አያስቃትም፤ ግራ ያጋባታል እንጂ። በወጣትነታቸው፣ ራባ ወንዝ ዳር ባለችው መንደሯ የደብሩ በዓል ሲከበር፣ ያኔ ባርኔጣ ሠሪ ዘንድ ተቀጥሮ ይሠራ የነበረው ቬንዴል ከኢላማ ዳሱ ፊት ቆሞ የወረቀት ጽጌረዳ የታሰረባቸውን ቀጫጭን እንጨቶች እየሰበረ አበባውን በሙሉ አስታቅፏታል። ባለዳሱ መጨረሻ ላይ «ወንድሜ፣ እኔም የልጆች አባት ነኝ፣ በእግዜር ሂድልኝ» ብሎ ለምኖ ነው የሸኘው። ያን ጊዜ ኤቴልካ አንድ ነገር አየች። ቬንዴል ከልቡ ሲያነጣጥር ምላሱ ግራ ጉንጩን ከውስጥ ትገፋዋለች፤ ዋልነት የሚባለውን ፍሬ ከነቅርፊቱ የጎረሰ ይመስላል። ከተጋቡ ወዲህ ያንን ጉንጭ የምታየው መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ሲያስገባላት ብቻ ሆነ። ክሩ ደግሞ ስቶ አያውቅም።

«ሥልጣን እጅ ያንቀጠቅጣል መሰለኝ» ብላ ተወችው።

የሥልጣኑ ነገር እንዲህ ነው። ባርኔጣ ሠሪ የሰው ጭንቅላት በዓይኑ መለካት ይለምዳል፤ ታርፓይም ከጦርነቱ በኋላ ፓርቲው ውስጥ ሲገባ ይዞ የገባው ይህንኑ ሙያ ነበር። ከሠራተኛ ማኅበር ወደ አውራጃ ጸሐፊነት፣ ከአውራጃ ወደ ውጭ ጉዳይ ተሸጋገረ። ዘመኑ የትናንቱ ጓድ ዛሬ ከሃዲ፣ ነገ ደግሞ ሐውልት የሚሆንበት ዘመን ነው። ታርፓይ አንድ ጊዜ ብቻ ስብሰባ ላይ እውነት ተናገረ። በሳምንቱ ሞንጎሊያ አምባሳደር ሆኖ ተሾመ። እዚያ ከነፋስና ከፈረስ ወተት ጋር ከርሞ ሲመለስ፣ በሽኝቱ ላይ የሳቁበት ሰዎች አንዳቸውም ወንበራቸው ላይ አልነበሩም። ግማሾቹ ታስረዋል፣ አንዱ የሳሙና ፋብሪካ ይመራል፣ አንዱ ደግሞ ስሙ አይነሣም። ታርፓይ ባርኔጣውን ሰቅሎ ሥራውን ቀጠለ። ዝም አይነቅዝም። የእሱ ዝምታ ግን ካለመንቀዝም አልፎ ዓመት በዓመት የሚያምርበት፣ ጓዳ እንደሰነበተ የወይን ጠጅ ያለ ነበር።

ይኸው ዝምታው ነው ኤቴልካን የሚያበግናት። ምክንያቱም ወንድም አላት። ሚክሻ ይባላል፤ ፒያኖ ቃኚ ነው። የሶቪየት ታንኮች ቡዳፔስት በገቡ ሰሞን የመቃኛ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ድንበሩን በእግሩ ተሻግሮ ቪየና ቀረ። እግሩን ወደ አገር ካዞረ ጉምሩክ ላይ ይያዛል። እናታቸው እማማ ቦርባላ ደግሞ የዓይናቸው ብርሃን ከዳር እየተበላ ወደ መሀል መጥቷል። ሐኪሙ «ከፋሲካ አያልፍም» ብሏል። በየዓመቱ በቅድስት ሉትሳ ቀን፣ ገና ሊደርስ ሲል፣ አሮጊቷ በሰሐን ላይ ስንዴ ይዘራሉ፤ እስከ ገና ጥቅጥቅ ብሎ ከበቀለ የተመኙት ይሆናል ይባላል። በየዓመቱ ይበቅላል። ሚክሻ አይመጣም። «ዘንድሮስ በዓይኔ ሳላየው በጣቴ ነው የማየው» አሉ ሰሐኑን እየዳሰሱ።

በሩን የሚከፍት አንድ ሰው ነው፤ ጓድ ሪጎ አርሚን። የሪጎ ማዕረግ ረጅም ስለሆነ ማንም አይጠራውም። «ይውጣ» ካለ እስር ቤት ይከፈታል፤ «ይግባ» ካለ ድንበር ይከፈታል። ክፋቱ፣ የጠየቀውን ሁሉ «አይሆንም» ይላል። አንድ የትራንስፖርት ሹም ስለ ታሰረ የእህቱ ልጅ ለምኖት፣ ልጁም እዚያው ቀረ፣ ሹሙም ወደ አንድ የቲማቲም ማሸጊያ ተዛወረ።

«አንድ ቃል ብቻ!» ትላለች ኤቴልካ ሽንኩርት እየከተፈች። «በየክረምቱ አጠገቡ አይደል የምትቆመው? አንድ ቃል!»

«ጊዜው አልደረሰም።»

«ጊዜው የሚደርሰው እናቴ አፈር ስትለብስ ነው?»

«ኤቴልካ፣ ሽንኩርቱ እጅሽን እንዳይቆርጥሽ።»

«ሽንኩርት እጅ አይቆርጥም! ቢላው ነው የሚቆርጠው! አምባሳደር ተብለህ ይሄንን እንኳ አታውቅም!»

ታርፓይ ይህን ሰምቶ ጋዜጣውን ይገልጣል።

የዚያ ዓመት አደን ላይ የኦስትሪያ ሚኒስትር ዶክተር ቫልዲንገር ተጋበዙ፤ ሚስታቸውም አብረው መጡ። ሴትዮዋ ከጀርመንኛ ሌላ አያውቁም። ኤቴልካ የድንበር አገር ልጅ ናትና ጀርመንኛው አፏ ውስጥ አለ። እንዲህ ሆኖ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ አደን የወጣችው፤ በሁለት ፈረስ ሠረገላ፣ ከእንግዳዋ ጎን፣ ጉልበቷ ላይ የበግ ቆዳ ጣል አድርጋ። ሠረገላውን የሚነዱት ጋሽ ማቴ ጢማቸው ላይ በረዶ የሰራ ሽማግሌ ናቸው። ተኳሾቹ በደኑ ዳር በመስመር ቆመዋል። ታርፓይ እንደ ሁልጊዜው ከሪጎ ግራ ነው።

«ምን ጊዜም እዚያ ነው የሚያቆሟቸው?» ጠየቀች ኤቴልካ።

«ጓድ ሪጎ ናቸው የሚፈልጉት። 'የታርፓይ መሳት ዕድሌ ነው፤ እሱ የሳተው ወደኔ ይመጣል' ይላሉ።» ጋሽ ማቴ በጅራፋቸው ወደ ደኑ አመለከቱ። «ብቻ መጋዝ ቤቱ ሰዎች ያማርራሉ፣ እመቤቴ። ከጓድ ሪጎ ፊት የተቆረጠ ግንድ ሁሉ እርሳስ ጎርሷል። መጋዙን ይሰብረዋል።»

«ከባሌ ፊት ያሉትስ?»

«የእሳቸው ዛፎች?» ሽማግሌው አፍንጫቸውን ጠረጉ። «ንጹሕ ናቸው።»

ጥሩምባው ተነፋ። ከደኑ ውስጥ አውሬውን የሚያስወጡት ሰዎች ጩኸትና የዱላቸው ኳኳታ መጣ፤ ከዚያ ቁጥቋጦው ተሰነጠቀና አንድ ከርከሮ በረዶውን እያፈነዳ ወጣ። ሪጎ ጠመንጃውን አነሣ፤ ታርፓይም አነሣ። ኤቴልካ ባሏን ነበር የምታየው። አንገቱን እንደ ልማዱ ደፍቷል። አንዱ ዓይኑ ከርከሮው ላይ ነው፤ አንዱ፣ ባታየው አታምንም ነበር፣ የሪጎ ጣት ላይ። ግራ ጉንጩ ቀስ ብሎ አበጠ።

አንድ ድምፅ ተሰማ። ሁለት ጥይት አንድ ላይ ሲጮህ እንደሚሆነው፣ ትንሽ ጅራት ያለው አንድ ድምፅ። ከርከሮው በአፍንጫው በረዶውን አርሶ ቀረ።

«ጓድ ሪጎ ጣሉት!» ብሎ ጮኸ የአደኑ አለቃ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ታርፓይ ባዶ ቀለሁን አውጥቶ ራሱን ነቀነቀ፤ ጎረቤቶቹ ሳቁበት፤ እሱም ሳቀ።

ኤቴልካ የበግ ቆዳውን ጨብጣ ደርቃ ቀረች። ሁለተኛውም ከርከሮ እንዲሁ፤ ጉንጩ አበጠ፣ አንድ ድምፅ፣ ጭብጨባ። እነዚያ ሁሉ ዓመታት፣ የሪጎ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀሉት እነዚያ ሁሉ ክራንቻዎች፣ ያ ሁሉ የጋዜጣ ፎቶግራፍ! የሞተውን ቆዳ የሚገፉት ሰዎች ጥይቱ ከየት እንደገባ ያያሉ፤ እነሱም የልጆች አባት ናቸው። ሪጎ ራሱ ያውቅ ይሆን? ይህንን ለማሰብ ፈራች። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ አይገርማትም ነበር፤ እሷ ግን ይህን ሁሉ ዓመት የምታውቀው ሰው ነው ብላ ነበር ሸሚዙን የምትተኩሰው።

«ባልሽ ዕድል የላቸውም» አሉ ወይዘሮ ቫልዲንገር በሐዘኔታ።

«የላቸውም» አለች ኤቴልካ።

ምሳው ከደኑ ጠርዝ ነበር። ጉላሽ የሚሉት የሥጋ ወጥ በትልቅ ድስት እሳት ላይ ይንተከተካል፤ የዝይ ስብ የተቀባ ዳቦ ከቀይ ሽንኩርት ጋር፣ የፕለም አረቄ በትንንሽ ብርጭቆ ይዞራል። ሪጎ እጁን ታርፓይ ትከሻ ላይ ጭኖ ለእንግዳው፣ «ይኼውልዎ የኛ ዲፕሎማሲ! ጥይት ያባክናል፣ ጠላት ግን አያፈራም!» ብሎ አስተረጎመ። «አንገት ደፊ አገር አጥፊ ይባላል፤ ይኼኛው እንኳን አገር፣ ጥንቸልም አላጠፋ!» ሳቁ ሲያባራ ኤቴልካ ባሏን ከዳቦው ጠረጴዛ ጀርባ ያዘችው።

«አየሁህ።»

«ምኑን?»

«ጉንጭህን።»

ታርፓይ ዳቦውን ማኘክ አቆመ። ከተጋቡ ጀምሮ እንዲህ ሲደነግጥ አይታው አታውቅም። ግራ ቀኙን አየ።

«ሁሉንም አንተ ነህ የጣልክለት» አለች በሹክሹክታ፤ እንባዋ መጥቷል። «አንድ ጫካ ሙሉ ከርከሮ ሰጥተኸው፣ አንድ ወንድም መጠየቅ አቃተህ?»

«ከጠየቅሁት 'አይሆንም' ይላል። 'አይሆንም' ካለ ደግሞ አንዴ ነው፤ ሁለተኛ አይከፈትም።» አፉን በመሐረብ ጠረገ። «እማማ... ከፋሲካ አያልፍም ነው ያለው ሐኪሙ?»

«ዓይናቸው። አዎ።»

ታርፓይ የቀረውን ዳቦ ሽንኩርቱን ሳያስቀር በላ። ከዚያ ባርኔጣውን አስተካክሎ ወደ ቦታው ሄደ። ምን እንዳሰበ ከጀርባው ማወቅ አይቻልም፤ ከፊቱም ቢሆን።

ከምሳ በኋላ ጥሩምባው ተነፋ። ከርከሮ ወጣ። ሪጎ አነጣጠረ፤ ታርፓይ አነጣጠረ። ኤቴልካ ጉንጩን አየች። ለጥ ያለ ነው። ጥይቶቹ ጮኹ፣ ከርከሮው ግን ጅራቱን አቁሞ ሜዳውን አቋረጠና መስመሩ መጨረሻ ላይ የኦስትሪያው ሚኒስትር ጣሉት።

«እንኳን ደስ ያለዎት!» አለ ሪጎ በጥርሱ።

ሌላ ወጣ። ጉንጩ ለጥ እንዳለ ነው። ሪጎ ሳተ፤ ኦስትሪያዊው መታ። ሌላ፣ እንደ በርሜል የሰባች እንስት፣ ከሪጎ ፊት ለፊት ቆማ ሰዎቹን ታዘበቻቸው ማለት ይቻላል። ሪጎ ተኮሰ። ከአንድ ወርካ የሚያህል ኦክ ዛፍ ላይ ልጥ በረረ። አሳማዋ ሳትቸኩል ሄደች። መስመሩ ላይ የሚያስል ሰው እንኳ ጠፋ። የአደኑ አለቃ ጥሩምባውን ከውስጥ የሚመረምር መሰለ።

«አምላኬ» አሉ ጋሽ ማቴ ከጢማቸው ስር፤ «መጋዝ ቤቱ ሊዘጋ ነው።»

ሪጎ ጠመንጃውን ለጠመንጃ ያዡ ወረወረለትና በረዶውን እየረገጠ ወደ ታርፓይ መጣ። ከሠረገላው ብዙ አይርቁም።

«አንተ! ምን ሆነሃል?»

«ምን ሆንኩ፣ ጓድ ሪጎ?»

«ትስታለህ!»

«ሁልጊዜም እስታለሁ።»

ሪጎ አፉን ከፈተ፤ ዘጋው። አንድ ሰው ለራሱ እንኳ ነግሮት የማያውቀውን ነገር ለሌላ መናገር ሲያምረው ፊቱ እንደዚያ ነው የሚሆነው። «የዛሬው አሳሳትህ ግን ደስ አላለኝም» አለ በመጨረሻ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። ልቤ አብሮኝ የለም።»

«የት ሄደ?»

«አማቴ ዘንድ።»

«ይቺ ናት የቀረችኝ! አማቱን የሚያስብ ወንድ ገና ዛሬ አየሁ።»

«ዓይናቸው እየጠፋ ነው። ልጄን ሳላይ ይጨልምብኛል ብለው ይጨነቃሉ። ሚስቴ በዚህ ሌሊቱን ስታለቅስ ነው የምታነጋው፤ እኔም እንቅልፍ አጣሁ፤ ይኸው እጄ...» እጁን ዘረጋ። እጁ እንደ ቅጠል ይንቀጠቀጥ ነበር። ራሷን ትራስ ካስነካች ጎህ ሳይቀድ የማትነቃው ኤቴልካ፣ ስለ ለቅሶዋ በጥሞና አዳመጠች።

«ልጅየው የት ነው?»

«ቪየና።»

ከአንድ ቅርንጫፍ በረዶ ወደቀ። ሪጎ ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ። ዓይኑ ጠበበ።

«እየጠየቅኸኝ ነው?»

«አልጠየቅሁም፣ ጓድ ሪጎ። እርስዎ ጠየቁኝ፣ መለስኩ።»

ኤቴልካ የዚያን ጊዜ የሪጎ እጅ በወንድሟ አንገት ላይ ያረፈ መሰላት። ሪጎ ዞር ብሎ ኦስትሪያዊውን አየ፤ ሰውዬው መነጽራቸውን እየወለወሉ ፈገግ ብለዋል። ፎቶግራፍ አንሺው ከጎናቸው ቆሟል።

«ሥራው ምንድነው?»

«ፒያኖ ይቃኛል።»

«ፒያኖ ቃኚ!» ሪጎ እንደ መሳቅ አለ። «ፒያኖ ቃኚ ይህንን መንግሥት ምን ሊያደርገው ነው፣ ሊቃኘው ነው? ለገና ይምጣ። ማንም አይነካውም፤ ብያለሁ። ሰኞ ጽሕፈት ቤቴ ደውልና አስታውሳቸው።» ከዚያ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አሁን ግን፣ ታርፓይ፣ ልብህን መልስልኝ። አንድ ዙር ብቻ ነው የቀረን።»

«ተመልሷል፣ ጓድ ሪጎ።»

እጁ መንቀጥቀጡን ተወ።

የመጨረሻው ዙር ላይ የወጣው የደኑ አባት ነበር፤ ጀርባው ላይ ያለው ጸጉር ጥቁር ብሩሽ የመሰለ፣ ክራንቻው ከሩቅ የሚያበራ። ፀሐይዋ ወደ ዛፎቹ ወርዳ በረዶው ቀልቷል። አውሬው በሁለቱ ሰዎች መካከል ቀጥ ብሎ መጣ። ሪጎ ጠመንጃውን ሲያነሣ ጫፉ ይዋልል እንደነበር ከሠረገላው ይታያል። ታርፓይ አንገቱን ደፋ። ጉንጩ አበጠ።

ኤቴልካ ከዚያ በኋላ በብዙ አገር ብዙ ነገር አየች፤ ንጉሥ አየች፣ ኦፔራ አየች፣ የሚተፋ እሳተ ገሞራ አየች። እንደዚያች ቅጽበት ግን ያስደነቃት የለም። አንድ ድምፅ ነበር። የዚህኛው ጅራት እንኳ አልነበረውም።

የዕለቱ ግዳይ በጥድ ቅርንጫፍ ላይ በተርታ ተጋደመ፤ ችቦ ተለኮሰ፤ ጥሩምባ ተነፋ፤ ሁሉም ባርኔጣውን አወለቀ። የአደኑ አለቃ የኦክ ቅጠል በአውሬው ደም ነክሮ፣ በባርኔጣው ላይ አድርጎ ለጓድ ሪጎ አቀረበ። ሪጎ ቅጠሉን ባርኔጣው ላይ ሲሰካ ዓይኑ ረጥቦ ነበር፤ ከልቡ ነበር የኮራው። ኦስትሪያዊው ሚኒስትር እጁን ጨብጠው፣ ወደ ታርፓይ ዞር ብለው በጀርመንኛ አንድ ነገር አሉ።

«ጎረቤትዎ ታላቅ ተኳሽ ናቸው፤ እርስዎስ ለምንድነው የሚመጡት ይላሉ» ብላ ተረጎመች ኤቴልካ።

«ለጉላሹ ነው በያቸው» አለ ታርፓይ።

ሚክሻ በገና ዋዜማ ያንኑ የመቃኛ ቦርሳ አንጠልጥሎ ከባቡር ወረደ። እማማ ቦርባላ ኩሽና ውስጥ አስቀምጠው፣ መብራቱን አስጠግተው፣ ፊቱን በሚገባ እስኪያዩት ድረስ ማንም ምግብ እንዳያቀርብ ከለከሉ። «አርጅተሃል» አሉት። ከዚያ የስንዴውን ሰሐን አንሥተው ለልጃቸው ሳይሆን ለአማቻቸው ሰጡት። ምክንያቱን ማንም አልጠየቃቸውም።

በበጋው የደብሩ በዓል ደረሰ። ያኔ ታርፓይ የቪየና አምባሳደርነቱ ጸድቋል። ሚክሻም አሁን ይመጣል ይሄዳል። አሮጊቷ ዓይናቸው ስለጨለመ ወንበር ወጥቶላቸው ከኢላማ ዳሱ አጠገብ ተቀምጠዋል። ዳሱን አሁን የያዘው የዚያ ሰውዬ ልጅ ነው።

«እስቲ ይኼ ሰውዬ» አለ ሚክሻ ጮክ ብሎ፤ «እህቴን በወረቀት አበባ አታልሎ ነው ያገባት ይባላል! እኔ ደግሞ ቡዳፔስት የሰማሁት ሌላ ነው። እስቲ አንሣ ጠመንጃውን፣ አምባሳደር!»

ሰው ተሰበሰበ። የመንደሩ ፓርቲ ጸሐፊ አይስክሬሙን እየላሰ ከፊት ቆመ። ጓድ ሪጎ ዘንድ የማይደርስ ወሬ የለም። ታርፓይ ባርኔጣውን ለሚስቱ ሰጥቶ ጠመንጃውን አነሣ። ኤቴልካ ግራ ጉንጩን አየች። ለጥ ያለ ነው፣ እንደ ጠረጴዛ።

ሳተ። ደግሞ ሳተ። አንዷ ጥይት የዳሱን ደወል መታችና ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። አንድም ጽጌረዳ አልወደቀም።

«ምን ሆነ? ምን መታ?» አሉ እማማ ቦርባላ አንገታቸውን እያሰገጉ።

«ምንም አልመታ፣ እማማ!» ሚክሻ ሆዱን ይዞ ይስቃል። «ይኼን ነው ለቪየና የላኩት! ኧረ እንደው በምን ሙያው ነው ይኼ ሰው እዚህ የደረሰው? ኤቴልካ፣ አንቺ ንገሪን እስቲ!»

ሁሉም ዞሮ አያት። የፓርቲው ጸሐፊም አይስክሬሙን ከአፉ አራቀ። ኤቴልካ ልትመልስ አፏን ከፈተች፤ ባሏን አየችው፤ መልሳ ዘጋችው። የባርኔጣውን አቧራ ቀስ ብላ ማራገፍ ጀመረች። ምላሷ ግራ ጉንጯን ከውስጥ ስትገፋው ተሰማት።